ጊዜው ሳይደርስ ለተወለደ ልጅ ወተት አነሰኝ ለምትዪ እናት

ልጅሽ ማሞቂያ ክፍል ገብቷል፤ አንቺ ደግሞ ጡትሽን ስታልቢ የሲሪንጁ ጫፍ እንኳ አልሞላ ብሎሻል። እኔም እዚያው ነበርኩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው እንገር በጠብታ የሚቆጠር ነው። ለእሱ ግን ያቺው ጠብታ ትልቅ ነገር ናት፣ እንዳትደፊያት።

ዋናው ነገር ቶሎ ቶሎ ማለብ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ጊዜ። ወተት ሲወጣለት ጡት ሌላ ይሠራል፤ ሞልቶ ከዋለ ይቀንሳል። ሌሊቱንም አትዝለዪ፣ ወተት የሚያሠራው ሆርሞን ከፍ የሚለው ያኔ ነው። እኔ ስልኬን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እንዲጠራ እሞላው ነበር። እያንጎላጀኝ!

በእጅ ስታልቢ ጫፉን አትጎትቺ። መጀመሪያ ጡትሽን በሞቀ ፎጣ ያዝ አድርገሽ እሺው። ከዚያ አውራ ጣትሽን ከላይ፣ ሌባ ጣትሽን ከታች፣ ከጫፉ 3 ሳንቲሜትር ያህል ራቅ አድርገሽ አስቀምጪ። ወደ ደረትሽ ገፋ፣ ጨመቅ፣ ለቀቅ።

ሐኪሙ ከፈቀደ ልጁን በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ ባዶ ደረትሽ ላይ አስተኚው፤ ካንጋሩ የሚሉት ነው። ልክ ከዚያ እንደተነሣሽ እለቢ። እኔ ለውጡን ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

አጥሚቱን ጠጪ፣ ጉልበት ይሰጣል። ግን ካላለብሽ አጥሚት ብቻውን ወተት አያመጣም፤ እማማዎቹ ቅር እንዳይላቸው እንጂ። አብሽ ከማብዛትሽ በፊት ነርሷን ጠይቂ። ያለብሽውን ደግሞ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ አድርገሽ ቀንና ሰዓቱን ጻፊበት።