በዩኒቨርሲቲ የጀርመንኛ ቋንቋና ባህል ማዕከል እንዴት ይቋቋማል?

የጀርመንኛ ትምህርት ክፍል የሚሠራው ለተማሪዎቹ ነው፤ ማዕከል ግን ለጎረቤቱም ጭምር ነው። ጡረተኛው፣ ነርሷ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው በሩን ከፍቶ የማይገባበት ከሆነ፣ ስሙ ማዕከል ቢባልም ሌላ የመማሪያ ክፍል ከመሆን አያልፍም።

1. ማን እንደሚመጣ ጠይቁ

የፕሮጀክት ሐሳቡን ከመጻፋችሁ በፊት በአካባቢው ዙሩ። ሰው ጀርመንኛ የሚፈልግበት ምክንያት ብዙ ነው። ጀርመን ሄዳ በሙያዋ መሥራት የምትፈልግ ነርስ ብዙውን ጊዜ ቢ2 ደረጃ ትጠየቃለች፤ የቋንቋ ችሎታ ከጀማሪው ኤ1 እስከ ከፍተኛው ሲ2 በስድስት ደረጃ ይለካል፣ ቢ2 አራተኛው ነው። ወደ ትዳር ጓደኛው የሚሄድ ሰው በአብዛኛው ኤ1 ያስፈልገዋል። የልጅ ልጆቿን ማነጋገር የምትፈልግ አያት ደግሞ ፈተናም ሆነ ሰርተፍኬት አያሻትም። ሦስቱን በአንድ ኮርስ ማስቀመጥ ሦስቱንም ማጣት ነው።

2. አጋር ፈልጉ

ከትምህርት ክፍሉና ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር ተስማሙ፤ ቋሚ ክፍልም ያዙ። ከውጭ በኩል እ.ኤ.አ. በ1951 የተቋቋመው የጎተ ኢንስቲትዩት በቋንቋ ማስተማርና በፈተና፣ በ1925 የተመሠረተው የጀርመን አካዳሚያዊ ልውውጥ አገልግሎት ደግሞ በነፃ ትምህርት ዕድል ይታወቃሉ። አገልግሎቱ ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች መምህራንም ይልካል። የኦስትሪያንና የስዊዘርላንድን ኤምባሲዎች አትርሱ፤ ጀርመንኛ የጀርመን ብቻ አይደለም። ጀርመኑ «ያኑዋር» የሚለውን የጃንዋሪ ወር ኦስትሪያዊው «ዬነር» ይለዋል። መደርደሪያችሁ ይህን ሁሉ ያሳይ።

3. የጭውውት ጠረጴዛ ዘርጉ

ለዚህ የምትችሉትን ሁሉ ስጡ። ጀርመኖች ደንበኞች በቋሚነት የሚሰባሰቡበትን ጠረጴዛ «ሽታምቲሽ» ይሉታል። ቀኑና ሰዓቱ አይለወጥ፤ ሁለት ሰው ብቻ ቢመጣም አይሰረዝ። አንዴ መጥቶ በሩን ዝግ ያገኘ ሰው ሁለተኛ ለመምጣት ይከብደዋል።

ለአራት ወይም ለአምስት ጀማሪ አንድ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው መድቡ። ጠረጴዛው ላይ ማንኪያ፣ ሹካና ቢላዋ አስቀምጡ። በጀርመንኛ የስምን ጾታ ከፊቱ የሚቆም ትንሽ ቃል ያሳያል፦ ማንኪያ ተባዕት ነው፣ «ደር ሎፍል»፤ ሹካ አንስታይ ናት፣ «ዲ ጋበል»፤ ቢላዋ ግን ከሁለቱም ያልሆነ ነው፣ «ዳስ መሰር»። በየዕቃው ላይ ሰማያዊ፣ ቀይና አረንጓዴ ክር እሰሩ። ከዚያ ማንኪያውን ከሹካው አጠገብ አኑሩና «ደር ሎፍል ሊግት ኔበን ደር ጋበል» በሉ። አንዱ ጀማሪ ቀዩን ክር እያየ «ዲ ጋበል አልነበረም እንዴ? አሁን ለምን ደር ሆነ?» ማለቱ አይቀርም። ነገሩ ያለበትን ቦታ ስንናገር ከ«ኔበን» (አጠገብ) በኋላ «ዲ» ወደ «ደር» ይለወጣልና፣ የሰዋስው መጽሐፍ ሳይገለጥ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው።

ሰው ሲናገር አታቋርጡት። ስሕተቶቹን ማስታወሻ ላይ ያዙና በመጨረሻ አንዱን ብቻ አንሱ። እያንዳንዱ ቃል የሚታረምበት ሰው አፉን ይይዛል፤ ለትልልቅ ሰዎች ደግሞ ይህ ይብስባቸዋል።

4. ባህሉን ከነታሪኩ አቅርቡ

ኖቬምበር 11 የቅዱስ ማርቲን ቀን ነው። በብዙ የጀርመን ከተሞች ልጆች በራሳቸው እጅ የሠሩትን ፋኖስ ይዘው አመሻሹ ላይ እየዘመሩ ይሄዳሉ። ካርቶን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ባለቀለም ወረቀት፣ ሙጫ፣ በትርና በባትሪ የሚበራ ትንሽ አምፖል ይበቃል። ሻማ አትጠቀሙ፤ ወረቀት ነውና። ልጆቹ ወላጆቻቸውን ይዘው ስለሚመጡ ማዕከሉን ለሰፈሩ ለማስተዋወቅ ከዚህ የተሻለ ቀን አላውቅም።

በዓል ብቻ ማሳየት ግን ግማሽ እውነት ነው። ኖቬምበር 9ን ውሰዱ፦ እ.ኤ.አ. በ1918 ሪፐብሊክ የታወጀበት፣ በ1938 ምኩራቦች የተቃጠሉበትና የአይሁዶች ሱቆች የተሰባበሩበት፣ በ1989 ደግሞ የበርሊን ግንብ የተከፈተበት ቀን ነው። በዚያ ምሽት የታሪክ መምህር ጋብዙ፤ ለጥያቄም ሰፊ ጊዜ ተዉ። ባህልን የሚያከብር ሰው ጨለማውንም አይደብቅም።

5. ፈተናውን በኋላ አስቡበት

የፈተና ጣቢያ ለመሆን ከፈተናው ባለቤት ጋር ስምምነት ያስፈልጋል። በዝግጅት ኮርስ ጀምሩ። የጎተ ቢ1 ፈተና ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍና መናገር የሚባሉ አራት ክፍሎች አሉት፤ ለየብቻ መፈተን ይቻላል፤ በእያንዳንዱ ለማለፍ ከመቶ 60 ያስፈልጋል።

6. የዕረፍት ወራቱን አትርሱ

ተማሪዎች ሲበተኑ ግቢው ጸጥ ይላል፤ ነርሷና አያቷ ግን የትም አልሄዱም። ለእነዚያ ወራት ጠረጴዛውን የሚያስተናግድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወይም አዳራሽ ገና ከአሁኑ አነጋግሩ። ቀኑና ሰዓቱ ያው ይሁን፤ አዲሱን አድራሻ በማዕከሉ በር ላይ በጉልህ ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ማንኪያውን፣ ሹካውንና ቢላዋውንም ለተረኛው አስረክቡ።