የፈረስ ውድድርን ከቤት ሆኖ መከታተልና ውርርዱን መረዳት፦ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዳንግላ በኩል ወደ እንጅባራ ለሚወጣ ሰው ፈረስ እንግዳ አይደለም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር፣ ያጌጡ ፈረሶች ሜዳውን ሲሞሉትና ግልቢያው ሲጦፍ የሚመለከት የአካባቢው ሰው ዳማውን ከመጋላው፣ የደከመውን ፈረስ ገና ጉልበት ከተረፈው ለመለየት አስተማሪ አያስፈልገውም። ይህን የመሰለ ዓይን ያለው ሰው በዓለም ላይ የሚካሄዱትን ታላላቅ የፈረስ ውድድሮች ቤቱ ተቀምጦ ቢከታተል ከብዙ የውጭ ተመልካች ቀድሞ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ በከተማችን ብዙ ወጣት ከፈረስ ውድድር ጋር የሚተዋወቀው በውርርድ ቤት ስክሪን በኩል ስለሆነ፣ ፈረሱን ሳያይ ቲኬቱን ይቆርጣል። በዚህ ጽሑፍ የምከተለው ቅደም ተከተል ከዚህ የተለየ ነው፤ መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ የተወዳዳሪዎቹን ዝርዝር ማንበብ፣ ከዚያም የውርርዱን ዋጋ አሠራር መረዳት ይመጣል። ገንዘብ ማውጣት፣ የሚፈልግ ሰው ካለ፣ የመጨረሻው ነው።

ለማየት የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው። አብዛኛው የሜዳ ላይ ውድድር ከ1 እስከ 4 ደቂቃ ስለሚፈጅ፣ የጥራቱን መጠን ዝቅ አድርገው በዩቲዩብ ቢከፍቱት የሚበላው የሞባይል ዳታ እምብዛም ነው። የጃፓን፣ የሆንግ ኮንግና የእንግሊዝ የውድድር አዘጋጆች ያለፉ ውድድሮችን በነፃ ይለቃሉ፤ ናይልሳት የሚይዝ ዲሽ ያለው ደግሞ የዱባይን የፈረስ ውድድር ጣቢያ ሊፈልግ ይችላል። መብራት ሊጠፋ በሚችልበት ሰፈር ለሚኖር ሰው የምመክረው ግን ቀጥታ ሥርጭትን ከማሳደድ ይልቅ ድጋሚ ቪዲዮን ማስቀደም ነው፤ ምክንያቱም ለትምህርት የሚጠቅመው አንዱን ውድድር ደጋግሞ ማየት ነው።

በቀጥታ ለመከታተል ለሚፈልግ ሰው ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ ያስፈልጋል። የአውስትራሊያው ሜልበርን ካፕ በኅዳር መግቢያ ሳይሆን በእኛ በጥቅምት የመጨረሻው ሳምንት አካባቢ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር የመጀመሪያ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ይካሄዳል፤ ሥራ ከመግባት በፊት ቡና እየተጠጣ የሚታይ ነው። በፓሪስ ሎንሻን የሚካሄደው የአርክ ደ ትሪዮምፍ ሽልማት በመስከረም መጨረሻ እሑድ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት አለፍ ሲል ይጀምራል። የእንግሊዙ ሮያል አስኮት በሰኔ ወር ለ5 ቀናት ሲቆይ፣ የየዕለቱ የመጀመሪያ ውድድር በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የአሜሪካው ኬንታኪ ደርቢ ግን በሚያዝያ መጨረሻ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ስለሚሆን፣ ጠዋት ተነሥቶ ድጋሚውን ማየት ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የተወዳዳሪዎች ዝርዝር ነው። በዚህ ዝርዝር ላይ የፈረሱ ስም፣ ዕድሜው፣ የሚሸከመው ክብደት፣ የመነሻ በሩ ቁጥር፣ የጋላቢውና የአሠልጣኙ ስም፣ እንዲሁም ያለፉ ውጤቶቹ በቁጥር ተደርድረው ይገኛሉ። በእንግሊዝ አጻጻፍ 1302-41 የሚል ቁጥር ቢያዩ ከቀኝ ወደ ግራ ያንብቡት፦ ፈረሱ በመጨረሻው ውድድሩ አንደኛ ወጥቷል፤ ከዚያ በፊት አራተኛ ነበር፤ ሰረዟ ያለፈውን የውድድር ዘመን ትለያለች፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ሁለተኛ፣ ከዘጠነኛ በታች፣ ሦስተኛና አንደኛ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ቁጥሩ ብቻውን ግን ያሳስታል። በደካሞች መካከል አንደኛ የወጣ ፈረስ በብርቱዎች መካከል አምስተኛ ከወጣው ሊያንስ ስለሚችል፣ የትኛው ውድድር ላይ እንደሆነ፣ በምን ርቀትና በምን ዓይነት መሬት ላይ እንደሮጠ መመልከት የግድ ነው። በእንግሊዝ ርቀቱ የሚገለጸው በፈርሎንግ ሲሆን አንዱ ፈርሎንግ 201 ሜትር ያህል ነው። መሬቱም ደረቅ፣ መካከለኛ፣ ለስላሳ ወይም ጭቃ እየተባለ ይመደባል፤ ክረምት ላይ በሜጫ ወይም በአቸፈር መሬት ላይ ፈረስ ጭኖ የሄደ ሰው በደረቅ የሚበር ፈረስ በጭቃ እንዴት እንደሚለግም ሊነገረው አይገባም።

ክብደትም ቸል የሚባል ጉዳይ አይደለም። ሃንዲካፕ በተባለው የውድድር ዓይነት፣ ሜልበርን ካፕ አንዱ ነው፣ ብርቱው ፈረስ ከባድ ክብደት እንዲሸከም፣ ደካማው እንዲቀልለት ይደረጋል፤ ዓላማው ሁሉም እኩል ዕድል ይዘው 3,200 ሜትሩን እንዲጀምሩ ነው። በእንግሊዙ ኤፕሶም ደርቢ ግን የሚወዳደሩት የ3 ዓመት ፈረሶች ብቻ ናቸው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል የሚወዳደሩ ንጹሕ ዘር ያላቸው ፈረሶች ሁሉ በወረቀት ላይ አንድ ዓመት የሚጨምሩት በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ስለሆነ፣ በጃንዋሪ የተወለደውና በግንቦታችን የተወለደው በአንድ ዕድሜ ይመዘገባሉ፤ በሕፃንነታቸው ወራት ይህ ልዩነት ብዙ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ውድድሩን ወደ ማየት እንምጣ። ጀማሪ ሁሉ የሚያየው ፊት ለፊት ያለውን ፈረስ ነው። እርስዎ ግን አንዱን ውድድር ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይመልከቱት። በመጀመሪያው ጊዜ እንዳመጣጡ ይዩት። በሁለተኛው ጊዜ አንድ ፈረስ ብቻ መርጠው፣ ካሜራው ወዴትም ቢዞር፣ ከመነሻው በር እስከ መጨረሻው መስመር ዓይንዎን ከእሱ አይንቀሉ። በሦስተኛው ጊዜ የመጨረሻውን 400 ሜትር ብቻ እያዩ የጋላቢዎቹን እጅ ይመልከቱ፤ ሌሎቹ ጋላቢዎች እየገፉና አለንጋ እያነሡ ሳለ እጁ ጸጥ ብሎ ልጓሙን እንደያዘ የቀረበ ጋላቢ ካለ፣ ከሥሩ ያለው ፈረስ ገና ጉልበት አልጨረሰም። እንዲህ ያለው ፈረስ መንገድ ተዘግቶበት አራተኛ ቢወጣ እንኳ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስሙን ሊያስታውሱት የሚገባው እሱን ነው።

መታጠፊያው ላይ የሚሆነውን ማየትም ይማሩ። መታጠፊያው ሙሉ ግማሽ ክብ ቢሆን፣ ከውስጠኛው አጥር በአንድ ሜትር ርቆ የሚዞር ፈረስ በአጥሩ ጥግ ከሚዞረው 3.14 ሜትር የበለጠ ይሮጣል፤ ሦስት ሜትር ርቆ የዞረው ደግሞ 9.4 ሜትር ያህል ይጨምርበታል። በውድድር ቋንቋ ልዩነት የሚለካው በፈረስ ርዝመት ሲሆን አንዱ ርዝመት 2.4 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በውጪ በኩል ዞሮ በሁለት ርዝመት የተሸነፈ ፈረስ በመሬቱ ሒሳብ ከአሸናፊው የበለጠ ሮጧል። ይህን ልዩነት የውጤት ሰንጠረዡ በቁጥሩ ውስጥ አያሳይም፤ ያየ ዓይን ብቻ ያውቀዋል፤ ውድድርን በመመልከት የሚገኘው ደስታም ከሞላ ጎደል እዚህ ላይ ነው።

የፍጥነት አከፋፈልን ለመማር ደግሞ በ1973 እ.ኤ.አ. የተካሄደውን ኬንታኪ ደርቢ ፈልገው ይመልከቱ። ሴክሬታሪያት የተባለው ፈረስ ከኋላ ተነሥቶ፣ 2 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን ርቀት በአምስት እኩል ክፍል ብንከፍለው፣ እያንዳንዱን ክፍል ካለፈው ይልቅ በፍጥነት ሮጦ በ1 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ ጨረሰ፤ ሰዓቱ እስከ ዛሬ አልተሰበረም። በዚያው ዓመት ቤልሞንት በተባለው የአሜሪካ ውድድር በ31 ርዝመት ሲያሸንፍ የሚያሳየውን ቪዲዮም አብረው ይዩት። ፈረሶች ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ እየደከሙ፣ አሸናፊውም ከሌሎቹ ያነሰ የደከመው እንደሆነ ከተረዱ በኋላ፣ ሴክሬታሪያት ያደረገው ነገር ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ይገባዎታል።

ውርርዱን በተመለከተ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ኦድ ዋጋ መሆኑ ነው። 4.00 ኦድ ማለት 1 ብር አስይዞ ቢሳካ መደቡን፣ ማለትም ያስያዙትን ገንዘብ፣ ጨምሮ 4 ብር መቀበል ነው፤ 100ን ለ4 ስናካፍል አወራራጁ ለፈረሱ የሰጠውን ዕድል፣ 25 በመቶን፣ እናገኛለን። አምስት ፈረሶች ብቻ ያሉበትን ውድድር ለምሳሌ እንውሰድ። ኦዳቸው 2.50፣ 4.00፣ 5.00፣ 8.00 እና 10.00 ቢሆን፣ ዕድላቸው በቅደም ተከተል 40፣ 25፣ 20፣ 12.5 እና 10 በመቶ ይሆናል፤ ድምሩም 107.5 ነው። እውነተኛ ዕድል ከ100 ሊያልፍ አይችልም። ትርፉ 7.5 የአወራራጁ ድርሻ ነው፤ በሌላ አነጋገር በአምስቱም ፈረሶች ላይ በመቶኛ ዕድላቸው ልክ ብር ያስያዘ ሰው 107 ብር ከ50 ሳንቲም ከፍሎ፣ ማንም ያሸንፍ ማን፣ 100 ብር ብቻ ይመለስለታል። ማንኛውንም ዝርዝር ሲያዩ ይህን ድምር ይሥሩ፤ ተወዳዳሪው በበዛ ቁጥር ድምሩ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል።

ሌላው አሠራር የጋራ ሣጥን ነው። ጆሴፍ ኦሌር በ1867 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የጀመረው ይህ ዘዴ የተወራራጆቹን ገንዘብ ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቦ፣ የአዘጋጁን ድርሻ ቀንሶ፣ የቀረውን ለአሸናፊዎቹ ያከፋፍላል። 1,000 ብር ተሰብስቦ 150 ብር ቢቀነስና ባሸነፈው ፈረስ ላይ የተያዘው 170 ብር ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ ብር 5 ብር ይደርሳል። በዚህ አሠራር ዋጋው የሚታወቀው ውርርዱ ከተዘጋ በኋላ ነው። ቀላሉ የውርርድ ዓይነት አሸናፊውን መገመት ሲሆን፣ በእንግሊዝ በጣም የተለመደው ሌላው ግን ሁለት ውርርድ በአንድ የያዘ ነው፤ ግማሹ ለማሸነፍ፣ ግማሹ ከፊተኞቹ ለመሆን። ስለዚህ በዚህ ዓይነት ውርርድ ‘10 ብር’ ያለ ሰው በእርግጥ የሚከፍለው 20 ብር መሆኑን ልብ ይበል።

እውነተኛ ገንዘብ ከማውጣት በፊት በደብተር መወራረድ ይገባል። አንድ ተራ ደብተር ገዝተው ቀኑን፣ ውድድሩን፣ የመረጡትን ፈረስ፣ ኦዱን፣ በምናብ 10 ብር የሆነ መደብንና ከሁሉ በላይ የመረጡበትን ምክንያት ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ይጻፉ። ከውጤቱ በኋላ የሚጻፍ ምክንያት ሁልጊዜ ትክክል ስለሚመስል ምንም አያስተምርም። ብዙ ሰው የሚወራረድበት ፈረስ ከሦስት ውድድር አንዱን ገደማ ያሸንፋል፤ ሆኖም ኦዱ ትንሽ ስለሆነ እሱን ብቻ እየተከተለ የሚሄድ ሰው በረጅም ጊዜ ይከስራል። ደብተርዎ ላይ ከ50 ያላነሱ ውድድሮች ከተጠራቀሙ በኋላ ሒሳቡን ሲደምሩ፣ ኪስዎ ሳይጎዳ ስለ ራስዎ ግምት እውነቱን ያውቃሉ። ቁማርን ቤተሰቡ ወይም ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት ሰውም በዚሁ ደብተር ቢቆም የሚቀርበት ነገር የለም፤ የውድድሩ ጣዕም ሙሉ በሙሉ ይደርሰዋል።

በውርርድ ቤቶች ስክሪን ላይ በየጥቂት ደቂቃው የሚሮጡት ቨርቹዋል ፈረሶች ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። ኮቴም ሳንባም የላቸውም፤ ውጤታቸውን የሚወስነው በዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ስለሆነ፣ ያለፈ ውጤታቸውን ማጥናት ለሚቀጥለው ምንም አይጠቅምም። የእውነተኛ ሜዳ ውድድር በመካከሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ዕረፍት ይሰጣል፤ ያኛው ግን ለማሰብ ፋታ ሳይሰጥ ገንዘብ ያስጨርሳል። ፈረስን የሚወድ ሰው እዚያ ባይደርስ እመርጣለሁ።

ይህን ሁሉ አልፎ መወራረድ የሚፈልግ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው፣ ሕጋዊ ፈቃድ ባለው ድርጅት ብቻ ይጠቀም፤ እውነተኛ የፈረስ ውድድር የሚያቀርብ መሆኑንም አስቀድሞ ይጠይቅ። በቴሌግራም ‘በውጭ አገር ድረ ገጽ እናስይዝልዎታለን፣ በቴሌብር ይላኩ’ ለሚሉ ሰዎች ገንዘብ መስጠት ግን ደረሰኝም ከሳሽም የሌለበት ኪሳራ ነው፤ ‘የተረጋገጠ ፈረስ’ ሻጮችም ከእነሱ አይለዩም፤ እርግጠኛ የሆነ ሰው ምክሩን በ200 ብር አይሸጥም። የወሩን መጠን ከቤት ኪራይ፣ ከአስቤዛና ከልጆች ወጪ በኋላ ከተረፈው ላይ፣ ወሩ ሳይጀምር ወስነው ለብቻው ያስቀምጡት። በብድር፣ በዕቁብ ገንዘብ ወይም ያለፈውን ኪሳራ ለማስመለስ ተብሎ አይወራረዱም። መጠኑ በወሩ አጋማሽ ቢያልቅ፣ የቀሩትን ውድድሮች በደብተሩ እየመዘገቡ ይመልከቷቸው።