አምስት መቶ ዓመት ስለኖረች ጠንቋይ ልቦለድ እንዴት ይጻፋል?

«አትሞትም» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ከባዱ ጎረቤት ነው። መንዝ ውስጥ አንዲት ሴት ሳታረጅ ብትኖር መጀመሪያ የሚነቃባት ንጉሡ አይደለም፤ አጥር የምትጋራት ሴትዮ ናት። ስለዚህ ከአስማቷ በፊት በየሠላሳ ዓመቱ ወዴት እንደምትሰወር አስቡ። አንዴ ተጉለት፣ አንዴ አንኮበር ገበያ፣ አንዴ ቆላ ወርዳ።

ቀጥሎ ምን እንደሆነች ወስኑ። በመጥረጊያ የምትበር ሴት እኛ ጋ የለችም። ጠንቋይ ናት? ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ? ወይስ ሸክላ ሠሪ ሆና ሰው «ቡዳ» ያላት? እኔ ሦስተኛዋን እመርጣለሁ። ማታ ጅብ ትሆናለች ይሏታል፤ እሷ ግን ጭቃዋን እያቦካች ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ርስት። ነገሥታትን ተራ በተራ ከመደርደር ታሪኩን በመሬት ክርክር ያዙት። ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት ጀምሮ ዘር ተቆጥሮ ነበር። ዳኛ ፊት ሁለት ወንዶች ይሟገታሉ፣ ሽማግሌ ትውልድ ይቆጥራል። እሷ እንስራዋን አዝላ ቆማ ትሰማለች። የሚቆጠረው አቅኚ አባት የራሷ ልጅ ነው። አንዱ ተሟጋች ይዋሻል፤ ማን እንደሆነም ታውቃለች። ብትናገር ማን ያምናታል? «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይባላል፤ ባለቤቷ ግን አፏን ይዛ ትሄዳለች። ይህን ትዕይንት በደንብ ጻፉት፤ ሌላው ይከተላል።

የጊዜ ችካሎች ጥቂት ይበቃሉ። ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን ከተማ አድርገው ጥንቆላን አጥብቀው ያሳደዱበት ዘመን ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ የሣህለ ሥላሴ አንኮበር። ከዚያ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በሬው አልቆ ሰው የተራበበት ክፉ ቀን። በ1931 ጣሊያን መንዝ ላይ ዘረት ዋሻ ውስጥ በተጠለሉ ሰዎች ላይ የመርዝ ጋዝ ተጠቅሟል። ይህን ለማሳመሪያ አታድርጉት። የሟቾቹ ልጆችና የልጅ ልጆች አሉ።

ዕቃውንም አጣሩ። እኔ በአንድ ረቂቅ ላይ ዘርዓ ያዕቆብን ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጬ አክስቴ ሳቀችብኝ፤ ዛፉ የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። በርበሬም ከአሜሪካ የመጣ ተክል ነው። ንጉሡ በ1460 ሲሞቱ ኮሎምበስ ገና ወደዚያ አልሄደም። ስለዚህ ወጧ ቀይ አይሁን።

የት ላቁም ካላችሁ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት ላራሹ ታውጇል። ዘር መቁጠር ቀረ። የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ደብተሩን ይዞ ደጇ ይመጣል። ስሟን ይጽፋል። ከዚያ እርሳሱን ምራቅ አስነክቶ፣ «ዕድሜ?» ይላታል።