ከሎሚ ቅጠል የምትወጣዋን የእሳት ራት ከእንቁላል እስከ ክንፍ እንዴት እንከታተላት?

ለጋ የሎሚ ቅጠል ላይ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ብርማ መስመር አይታችኋል? እንግዲያው መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከነዚያ መስመሮች አንዱን ምረጡና ባለቤቷ ክንፍ አውጥታ እስክትበር ተከታተሏት። እኔ ሎሚው አዲስ ቅጠል ባወጣ ቁጥር አደርገዋለሁ፤ እስካሁን አልሰለቸኝም። ዕቃው ቀላል ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር፣ ቀለም ያለው ክር፣ ደብተርና እርሳስ፣ አፉ ሰፊ የሆነ ጠርሙስ፣ ሶፍት፣ ስስ ጨርቅ፣ ላስቲክ። በቃ።

መስመሩን የምትሠራው የአንዲት ደቃቃ የእሳት ራት እጭ ናት። ሳይንሳዊ ስሟ ፊሎክኒስቲስ ሲትሬላ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1856 ሄንሪ ስቴይንተን የተባለ እንግሊዛዊ የነፍሳት ተመራማሪ ከሕንዷ ካልካታ የተገኘ ናሙና ይዞ ስም አወጣላት። ከእስያ ወጥታ ዓለምን ያዳረሰችው ግን ብዙ ቆይታ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፍሎሪዳ ላይ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1993 ነበር። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የሜዲትራኒያን አካባቢንም ያዘች። ዛሬ ሎሚ፣ ብርቱካን ወይም መንደሪን ያለው ሰው ባያውቃትም ሥራዋን አይቶታል።

መጀመሪያ ዛፉ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ጠብቁ። የዚህችን ነፍሳት ኑሮ የሚወስነው የቅጠሉ ዕድሜ ነው፤ ይህን ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ ይገባችኋል። ጠንክሮ የጠቆረ ቅጠል ላይ ቀኑን ሙሉ ብታፈጡ አዲስ እንቁላል አታገኙም። እናቲቱ የምትመርጠው ገና እየተዘረጋ ያለ፣ ሲነኩት የሚለሰልስ ቅጠል ነው። ብዙውን ጊዜ ከሥር በኩል፣ ከመሃለኛው ጅማት አጠገብ፣ እንቁላሏን አንድ በአንድ ታስቀምጣለች።

እንቁላሉን ማግኘት ከሁሉም ይከብዳል። ወርዱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ጥርት ያለ የውሃ ጠብታ ይመስላል። ስለዚህ ጤዛ ባለበት ሰዓት አትፈልጉ። ቅጠሉ ሲደርቅ ገልብጡትና ብርሃን ከጎን እንዲመታው ዘንበል አድርጉት። ሁሉም ደርቆ አንዷ ጠብታ ካልጠፋች፣ እሷ ናት። ቅርንጫፏ ላይ ክሩን ላላ አድርጋችሁ እሰሩና ቀኑን ጻፉ። እንቁላል ካላገኛችሁም ግድ የለም፤ ገና የጀመረ፣ ከጥፍር ቁራጭ የማይበልጥ መስመር ፈልጉና ከዚያ ተነሱ።

አሁን አደራ፣ ቅጠሉን አትቁረጡ። ብዙ ሰው ወዲያው ቀጥፎ ጠርሙስ ውስጥ ይከታል። ለጋ ቅጠል ከተቀጠፈ ቶሎ ይጠወልጋል። እጯ ደግሞ እግር የላትም፤ ወጥታ ሌላ ቅጠል መፈለግ አትችልም። የተፈለፈለችበት ቅጠል ከደረቀ አብራ ታልቃለች። እዚያው ዛፉ ላይ ተዉዋት፤ እናንተ ሂዱላት።

በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። እንቁላሉ እንደ ሙቀቱ ከ2 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። እጯ ወደ ውጭ አትወጣም፤ በቀጥታ ወደ ቅጠሉ ትገባለች። ቅጠሉን ሳትጠመዝዙ ቀስ ብላችሁ ወደ ብርሃን ያዙትና በአጉሊ መነጽሩ እዩ። ፀሐይ ከሌለ የስልክ መብራት ከኋላ ይበቃል። መሃል ላይ ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ታያላችሁ፤ ኩሷ ነው። ክሩን ተከትላችሁ መስመሩ ወደሚሰፋበት ጫፍ ሂዱ። እጯ እዚያ ናት፤ ጠፍጣፋ፣ ቢጫ አረንጓዴ፣ ብርሃን የምታሳልፍ። ትንሽ ብትታገሱ ጭንቅላቷ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲወዛወዝ ታያላችሁ። መንጋጋዋ የቅጠሉን የላይኛ ቆዳ ሴሎች እየቀደደ ፈሳሻቸውን ይመጥጣል። ወደ ውስጠኛው ሥጋ አትዘልቅም። በላይዋ የሚቀረው ስስ ሽፋን ብቻ ነው፤ ከሥሩ አየር ስለሚገባ ነው ብር የሚመስለው። መስመሩ እየሰፋ የሚሄደውም እሷ ቆዳዋን እየቀየረች ስለምታድግ ነው።

በየቀኑ አንድ ጊዜ እዩና የመስመሩን ጫፍ ደብተራችሁ ላይ በሥዕል አስቀምጡ። ሥዕል አልችልም አትበሉ፤ የቅጠሉን ቅርፅና የመስመሩን መንገድ መሞከር ነው። ፎቶ ብታነሱም ጥሩ ነው፤ እጅ የሣለውን ዓይን የበለጠ ያስተውላል ብዬ አምናለሁ። ቅጠሉ መጨማደዱንም ጻፉ። የተጎዳው ቆዳ እድገቱ ሲገታ ሌላው ስለሚያድግ ነው የሚጣመመው።

እጯ በአራት ደረጃ ታድጋለች። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ትመገባለች። በአራተኛው አፏ ለመብላት አይሆንም፤ ሥራዋ ድር ማውጣት ነው። ወደ ቅጠሉ ጠርዝ ትደርስና በድሩ ስባ ጠርዙን በላይዋ ላይ ታጥፈዋለች። እዚያ እጥፋት ውስጥ ሙሽሬ ትሆናለች፤ ማለትም ሳትበላ ተሸፍና ክንፍ ወዳላት የእሳት ራት ትለወጣለች። ጠርዙ ታጥፎ መስመሩም መርዘሙን ካቆመ፣ ቅጠሉን የምትቀጥፉት አሁን ነው። ከዚህ በኋላ ምግብ አትፈልግም።

ጠርሙሱ ሥር ደረቅ ሶፍት አንጥፉ። ቅጠሉን አስቀምጡና አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ በላስቲክ እሰሩ። ጨርቁ ቀዳዳው ጠባብ ይሁን፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ክዳን አትግጠሙ፤ ጠርሙሱ ካላበው ሻጋታ ይቀድማችኋል። ቀጥተኛ ፀሐይም አይምታው። እጥፋቱን ለመክፈት እጃችሁ ይበላችኋል፤ ተዉት። ከተከፈተ ሙሽሬዋ የመትረፍ ዕድሏ ይቀንሳል። ማየት ለሚፈልግ ሰው ዛፉ ላይ ሌላ ቅጠል አይጠፋም።

ሙሽሬነቱ ከ6 እስከ 22 ቀን ሊወስድ ይችላል። ሞቃት ከሆነ ያጥራል፣ ከቀዘቀዘ ይረዝማል። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ጠቅላላ ጊዜም እንዲሁ ከሁለት ሳምንት እስከ ሰባት ሳምንት ይለያያል። ለዚህ ነው ሙቀቱን ከቀኑ ጎን ጻፉ የምለው። የሁለት ወቅት ደብተር ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ልዩነቱ ፊት ለፊት ይታያል።

ጠርሙሱን ጎህ ሲቀድ እዩ። ብዙውን ጊዜ የሚወጡት ያኔ ነው። ሙሽሬዋ ጭንቅላቷ ላይ ሹል ነገር አላት፤ ድሩን የምትቀደው በእሷ ነው። ግማሽ አካሏን ወደ ውጭ ገፍታ ትወጣለች፤ ቅርፊቱ እጥፋቱ ላይ ተሰክቶ ይቀራል። የእሳት ራቷ ክንፏን አጥፋ ስትቀመጥ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። በአጉሊ መነጽር ግን ጉድ ነው! የሚያብለጨልጭ ነጭ ብር፣ ቡናማ ሰረዞች፣ ክንፏ ጫፍ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ፣ ዳር ዳሩን ረጅም ዘርፍ። ቀን ቀን ከቅጠል ሥር ተደብቃ ስለምትውል ዛፉ ላይ ብዙም አትታይም።

ስለ መድኃኒቱ አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ ያደገ ዛፍ ጉዳቱን ይችለዋል። የቆሰሉትን ቅጠሎች መቁረጥም አይጠቅምም፤ አረንጓዴ የቀረው ክፍል አሁንም ዛፉን ይመግባል፣ መቁረጡ ደግሞ እሷ የምትወደውን አዲስ ለጋ ያስወጣል። ትኩረት የሚሹት ገና የተተከሉ ችግኞች ናቸው። ከላይ የሚረጭ መድኃኒት ቆዳው ሥር ያለችውን እጭ እምብዛም አያገኛትም፤ ጠላቶቿን ግን ይገድላል።

ጠርሙሱ ላይ ጠባብ ጨርቅ ያልኩትም ለጠላቶቿ ነው። አንዳንዴ የምትወጣው የእሳት ራት ሳትሆን ከእሷም የምታንስ ጥገኛ ተርብ ትሆናለች። እናቷ እጯን ፈልጋ እንቁላሏን ጥላባታለች፤ ልጅቷ እጯን በልታ አድጋለች። ሳታዩ ብታመልጥ እንኳ መለየት ይቻላል። የተሰካ ቅርፊት ካለ የወጣችው የእሳት ራቷ ናት። እጥፋቱ ላይ ክብ ቀዳዳ ብቻ ካያችሁ ተርቧ ናት። ተርብ ካገኛችሁ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደዚያው ዛፍ ሂዱና ጨርቁን ፍቱላት።