ለመጀመሪያ ጊዜ ልብስ ለሚያሰፉ

ደብረ ማርቆስም ይሁን ቡሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሲሄዱ አስቀድመው ሊያስቡበት የሚገባው ጨርቁን ነው፤ አቡጀዲም ሆነ ሌላ የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ፣ ከመቆረጡ በፊት ውኃ ውስጥ ተነክሮ ቢደርቅ ልብሱ ከተሰፋ በኋላ አያጥርም። ሰው ሠራሽ ጨርቅ የሆነው ቴትሮን ግን ይህን ያህል አያሳስብም። ሲለኩ ሆድዎን ሳይሰበስቡ ዘና ብለው ይቁሙ፤ ለሱሪ ደግሞ ዘወትር የሚያደርጉትን ጫማ ይጫሙ። በልክዎ የሆነ አሮጌ ልብስ ይዞ መሄድ ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ከሁሉ በላይ፣ በወገቡና በእግሩ ጫፍ በኩል ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ እንዲቀር በትሕትና ይጠይቁ፤ ሰውነት ሲወፍር ወይም ልጅ ሲያድግ ልብሱ የሚሰፋውና የሚረዝመው በዚያ ትርፍ ነውና። ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ የሚፈልጉት ከሆነ ልብስ ሰፊዎች ሥራ ሳይበዛባቸው ቀደም ብለው ይዘዙ፤ ስፌቱ ከማለቁ በፊትም አንድ ጊዜ ለብሰው ይሞክሩት።