ቡና ላይ ስለ ወሊድና ስለ ጥቃት እንዴት ይወራል?

ጎጃም ገጠር ሴቶችን ለስብሰባ ብትጠሩ ግማሹ ይቀራል፤ ለቡና ከሆነ ግን ማን ይቀራል? ስለዚህ አዳራሽ አትፈልጉ።

መጀመሪያ ቀን ምረጡ። ወር በገባ በ21፣ በማርያም ዕለት፣ እርሻ ስለማይነካ ሁሉም ቤቱ ነው። ስምንት ወይም አሥር ሴት ይበቃል። አማቶችን እንዳትረሱ፤ ነፍሰ ጡሯ ጤና ጣቢያ ትሂድ አትሂድ የሚለው ብዙ ጊዜ በእነሱ አፍ ነው የሚያልቀው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ትምጣ፣ ግን መዝገቧን ትታ እንደ ጎረቤት በርጩማ ስባ ትቀመጥ።

አቦሉ ሲቀዳ በምክር ሳይሆን በጥያቄ ጀምሩ፦ «የመጀመሪያሽን ስትወልጅ ምጡ ስንት ቀን ያዘሽ?» አንዷ እናት «እኛ ሁላችን ቤት አይደል የወለድነው?» ማለቷ አይቀርም። አትከራከሯት። «ከእርስዎ ጋር የተዳሩት ሁሉ ዛሬ አሉ ወይ?» ብላችሁ ዝም በሉ።

ከዚያ የአደጋ ምልክቶቹን ንገሩ፦ ደም መፍሰስ፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ማንቀጥቀጥ፣ የጽንስ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ ምጥ ሳይጀምር የእንሽርት ውሃ መፍሰስ። አንዱ ከታየ «እስቲ ይንጋ» አይባልም። ምጥ ለቀናት ሲጎተት የሕፃኑ ጭንቅላት የሽንት ፊኛ አካባቢን ተጭኖ ደም ያሳጣዋል፤ ፊስቱላ የሚመጣው እንዲህ እንጂ በእርግማን አይደለም። ሽንት አልቋጥር ያላት ሴት ካለች ባሕር ዳር የሚገኘው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል በነፃ ያክማል።

ቶናው ላይ ስም እየጠራችሁ ሥራ አከፋፍሉ። ቃሬዛ የሚሸከሙት እነማን ናቸው? አራቱ ሲደክሙ የሚቀበሉትስ? ከልጆቹ ጋር ማን ያድራል? ገንዘቡ የት ተቀምጧል? ደም ቢያስፈልግ ማን ይሰጣል? መንገድ ሲዘጋ አምቡላንስ አይደርስምና ይህን በምጥ ሌሊት መጀመር አይሆንም። ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ካለው ደግሞ ቀኗ ሳይደርስ ቀደም ብላ ትግባ።

የጥቃቱ ነገር ለበረካ ይቆይ። «ባልሽ ይመታሻል?» ብሎ በሰው ፊት መጠየቅ ማዋረድ ነው፤ ወሬውም ከእሷ ቀድሞ ቤቷ ይገባል። ሌላ ሰፈር እንደሆነ አድርጋችሁ አውሩት። አንድ ነገር ግን ሳትሸፋፍኑ ተናገሩ፦ የተደፈረች ሴት ገላዋን ሳትታጠብ፣ ልብሷንም ሳታጥብ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም መድረስ አለባት፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር የሚቻለው እስከዚያው ነው። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ ደግሞ እስከ 5 ቀን ድረስ ከተወሰደ ይሠራል። ከዚያ ቢዘገይም ትሂድ፣ ሌላ ሕክምና አለ። ልብሱ በወረቀት ይጠቅለል፤ ፌስታል ያሻግተዋል። መደፈር ሽማግሌ ቁጭ ብሎ የሚያስታርቀው ጉዳይ አይደለም። ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅን መዳርም፣ ድግሱ ተደግሶ ጠላው ቢጠመቅ እንኳ፣ ወንጀል ነው።

ቡናው ሲያልቅ ቶሎ አትነሱ። «ስኒውን ላጥብልሽ» ብላ ወደ ኋላ የምትቀር ሴት አትጠፋም፤ አብራችኋት እጠቡ።