እቴቴ ቡና ላፍላ ካለች ታፍላ፦ የመርሳት ሕመም ያለበትን አዛውንት ቤት ውስጥ መርዳት

አያቴን እቴቴ ነው የምንላት። የመርሳት ሕመም ከያዛት ቆይቷል። የልጆቿን ስም ታቀያይራለች፣ ቀኑንም ዓመቱንም አታውቅም፣ ምሳ በልታ እጇን ሳትታጠብ «ዛሬ ምሳ የለም እንዴ?» ትላለች። ያም ሆኖ ጠዋት አልጋዋን ሳታነጥፍ ከክፍሏ አትወጣም። አንዳንዴ አንጥፋ ትወጣና ትረሳዋለች፣ ተመልሳ አፍርሳ እንደገና ታነጥፋለች። ቤት ውስጥ «ግትር ሆነች» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን እደነቅባታለሁ። አእምሮዋ በየቀኑ እየከዳት እሷ እጅ አልሰጥም ብላለች።

እናት፣ አባት፣ አክስት ወይም አያት እንዲህ ሆነውባችሁ ግራ ከገባችሁ ይሄ ለእናንተ ነው። ዋናው ምክሬ አጭር ነው፦ ሙጭጭ ብለው የያዙትን ሥራ አታስጥሏቸው፣ እንዲሳካላቸው መንገዱን ጥረጉላቸው። ዝርዝሩ ላይ ነው ጣጣው።

መጀመሪያ ግን ሐኪም

«እድሜ ነው፣ ጃጅተዋል» ብላችሁ አትለፉት። ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት ማንም ላይ አለ። ቁልፉን ይዞ ምን እንደሚሠራ ግራ መጋባት፣ ዕድሜ ልክ በኖሩበት ሰፈር መንገድ መጥፋት፣ ወጥ ሲሠሩ ኖረው ምን ቀድሞ እንደሚገባ መጥፋቱ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከመርሳት ሕመም ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው አልዛይመር ነው፣ አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ዶኔፔዚልና ሜማንቲን የሚባሉት ለአንዳንዱ ሰው ምልክቱን ለጊዜው ያቀልሉለታል እንጂ በሽታውን አያቆሙትም። ታዲያ ለምን እንደክማለን? እሱን የሚመስል ግን የሚታከም ነገር ስላለ። የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ድባቴ፣ ወድቀው ጭንቅላታቸው ውስጥ የተጠራቀመ ደም፣ እነዚህ ሁሉ ሰውን ያስረሳሉ። ቢ 12 ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው የሚገኘው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ጾም የማያልፋቸው አዛውንት፣ በተለይ ደግሞ ለስኳር ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ፣ ይሄን ምርመራ ጠይቁላቸው። ጆሮና ዓይንም ይታይ። ያልሰማ ሰው የረሳ ይመስላል።

ስትሄዱ ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም ጭምር። አንዳንድ የጉንፋን፣ የአለርጂና የእንቅልፍ መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ለድባቴ የሚሰጠውን አሚትሪፕቲሊንን የመሳሰሉት፣ አዛውንት ላይ መደናገርን ያባብሳሉ። ነርቭ ሐኪም ካስፈለገ አዲስ አበባ ላይ ጥቁር አንበሳ የነርቭ ክፍል አለው፣ ጠባይና እንቅልፍ ከተበላሸ ደግሞ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ።

አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ በድንገት ከተቀባዠሩ፣ ሰው ካልለዩ ወይም እንቅልፍ ብቻ ከሆኑ «በሽታው ባሰባቸው» ብላችሁ አትቀመጡ። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሰውነት ውኃ ማነስ፣ የሆድ ድርቀት እንኳ እንዲህ ያደርጋል። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።

እንዲሠሩ ማድረግ

በዚህ በሽታ ቀድሞ የሚሄደው የቅርቡ ትዝታ ነው። ድሮ የተማሩት፣ በተለይ እጅ የለመደው ሥራና በቃል የተያዘ ጸሎት፣ ብዙ ይቆያል። እቴቴ ብዬ የጠራኋት እኔ ማን እንደሆንኩ ይጠፋባትና ውዳሴ ማርያም ስትጀምር ግን ሳትደናቀፍ ትወርደዋለች። እንግዲህ የምትሠሩት በዚህ በቀረው ነው።

ቡናውን ልንገራችሁ። «ላፍላ» ካለች እምቢ ማለት ጠብ ነው፣ ብቻዋን መተው ደግሞ አደጋ ነው። እኛ እንዲህ እናደርጋለን። ረከቦቱ፣ ሲኒው፣ የታጠበው ቡና በቅደም ተከተል ፊቷ ይቀመጣል፣ የማያስፈልግ ዕቃ አጠገቧ አይኖርም። አንድ ሰው አብሯት ይቀመጣል፣ የሚረዳ ሳይሆን ወሬ የሚያወራ መስሎ። እሳቱ የኛ ነው። ከሰሉ በረንዳ ላይ ይቀጣጠላል፣ በርና መስኮት ተዘግቶ ቤት ውስጥ ከሰል አይነድም፣ ከከሰሉ የሚወጣው የማይታይ ጋዝ ጤነኛውንም ይገድላል። ቡናው ሲቆላ አረረ? ይረር። ጨው ሁለቴ ገባ? ዝም ብላችሁ ጠጡ። ስትረሳ «ቀጥሎ ምንድነው?» ብሎ መፈተን የለም፣ ጀበናውን ወደ እጇ ጠጋ ማድረግ ይበቃል።

ምስር መልቀም፣ ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ ልብስ ማጠፍ፣ ባዘቶ መፍተል፣ ሁሉም እንዲሁ ነው። ድንጋይ የቀረበትን ምስር እሷ በሌለችበት እንደገና ልቀሙት። ያጠፈችውን ነጠላ ግን ፊቷ ፈታችሁ አታስተካክሉ፣ ነገሩን ትረሳዋለች፣ ስሜቱ ግን አብሯት ይውላል። ምን ላይ እንደተከፋች ይጠፋባታል፣ መከፋቷ አይጠፋባትም። ለአባቶችም ሥራ ፈልጉላቸው፣ ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚረሱት። ችግኝ ማጠጣት፣ ጫማ መጥረግ፣ ሚስማር በየመጠኑ መለየት። የጡረተኛ ሹፌር ቤተሰብ ከሆናችሁ መኪናውን ይጠቡ፣ ቁልፉ ግን ኪሳችሁ ይግባ።

«አወቅሽኝ?» የሚባለውን ነገር ተዉ

ይሄ የአገራችን ጠያቂ ሁሉ አመል ነው። ይገባል፣ ይስማል፣ ከዚያ «እስቲ እኔ ማን ነኝ?»። ከውጭ በቪዲዮ የሚደውል ልጅማ ይብሳል፣ ስልኩ ላይ ፊቱ ተጠግቶ ድምፁ እየተቆራረጠ «እማዬ ረሳሽኝ?» ብሎ እሱም ያለቅሳል፣ እሷም ትደነግጣለች። ፈተናው ለማንም አይጠቅምም። ስማችሁን ቀድማችሁ ተናገሩ፦ «እቴቴ፣ እኔ ነኝ፣ የትልቋ ልጅሽ ልጅ»። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን፣ ጥያቄው ደግሞ «ምን ትበያለሽ?» ከሚሆን «እንጀራ ላምጣ ወይስ ገንፎ?» ይሁን። ጠብቁ። መልሱ ሊዘገይ ይችላል።

የሞተ ሰው ሲጠይቁስ? «ባሌ የት ሄደ?» ላለች ሴት «ሞቷል እኮ፣ ቀብረነው የለም እንዴ» ብሎ መመለስ በየቀኑ አዲስ መርዶ ማርዳት ነው። «ናፈቀሽ አይደል? ስለሱ እስቲ አጫውችኝ» በሉ። ውሸት ነው የሚል ዘመድ ይኖራል፣ እኔ ግን እንደ ውሸት አልቆጥረውም። አዲስ ሞት ሲያጋጥም ግን አንዴ በአግባቡ ንገሯቸው፣ ያልቅሱ፣ አጠገባቸው ሁኑ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ማስታወስ የለባችሁም።

«ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ሲሉ ያሉት ቤታቸው ውስጥ ቢሆንም እንኳ አትከራከሩ። ስለዚያ ቤት ጠይቁ፣ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ዞር ዞር ማለት ወይም ሻይ ማቅረብ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ ተነስተው ኮንዶሚኒየም የገቡ ሽማግሌ ደግሞ እውነታቸውን ነው፣ ሰፈሩ የለም። እዚያ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ በራችሁ ላይ የሚያውቁትን ነገር ስቀሉ። የድሮው ቤት መጋረጃ ቁራጭም ቢሆን።

ከሁሉ የሚያጣላው «ሰረቃችሁኝ» የሚለው ነው። ብሩን መቀነት ውስጥ ወይም ፍራሽ ሥር ደብቀው ይረሱታል፣ ጣት የሚቀሰረው ግን ቤት ሠራተኛዋ ላይ ነው። ልጅቷን ስትቀጥሩ በመጀመሪያው ቀን ይሄ የሕመሙ ጠባይ መሆኑን ንገሯት፣ ሲከሰትም ፊት ለፊት ከጎኗ ቁሙ። መደበቂያዎቹን እወቁ፣ ተመሳሳይ ቦርሳ ገዝታችሁ ጥቂት ዝርዝር ብር ክተቱበት፣ «ጠፋ» ሲባል አብራችሁ ፈልጉ።

ምሽት፣ ገላና ጾም

ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ብዙዎቹ ይረበሻሉ። ሳይጨልም መብራት አብሩ፣ መጋረጃ ዝጉ፣ የጦርነት ዜና የሚያወራውን ቴሌቪዥን አጥፉ። መብራት በጠፋ ቁጥር ፍርሃቱ ስለሚብስ በቻርጅ የሚሠራ መብራት አልጋው አጠገብ አይታጣ። ሌሊት ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ ላይ የሚያደናቅፍ ምንጣፍ ይነሳ። ሐኪም ሳያዝ ማረጋጊያ ኪኒን አትስጡ። ሃሎፔሪዶልን የመሰሉ መድኃኒቶች በዚህ ሕመም ላይ ላሉ አዛውንት የስትሮክና የሞት አደጋ እንደሚጨምሩ ይታወቃል፣ ሲታዘዙም በትንሹና ለአጭር ጊዜ ነው።

ገላ መታጠብ እምቢ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ስለበረዳቸው ወይም ስላፈሩ ነው። ክፍሉ ይሙቅ፣ ሴትን ሴት ወንድን ወንድ ይጠብ፣ የማይታጠበው ገላ በፎጣ ይሸፈን። «ገላሽን ታጠቢ» ከማለት «ነገ እሑድ ነው፣ ለቤተ ክርስቲያን እንዘጋጅ» ማለት የበለጠ ይገባል። ካልሆነ ነገ ሞክሩ፣ ከገላ ይልቅ ሰላም ይቅደም።

ጾም ላይ እነዚህ ሰዎች ብርቱ ናቸው። ስማቸውን የረሱ እናት ዐርብ መሆኑን ከሰሙ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም። እኔ በበኩሌ ይሄን ጽናት አከብራለሁ፣ ግን የጠዋት መድኃኒትና ውኃ አይቀርም። እናንተ ብትነግሯቸው አይሰሙም፣ የንስሐ አባታቸው መጥተው «ፈትቼሻለሁ» ይበሉ። በእስልምናም ሕመምተኛ ጾም እንደማይገደድ የሚያከብሯቸው ሼህ ይንገሯቸው። ጸበል ከፈለጉም ውሰዷቸው፣ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ፣ በብርድ ጠዋት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥም አይቁሙ።

ምግብ ላይ ባህላችን የሰጠን ጉርሻ አለ። አነስ አድርጋችሁ፣ ቀና ብለው ተቀምጠው፣ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይጨመር። ውኃ ሲጠጡ ትን የሚላቸው ከሆነ ለሐኪም ተናገሩ።

ሰፈሩ ይወቅ

በር ከፍተው ይወጣሉ። ለቅዳሴ፣ ለገበያ፣ ከረጅም ጊዜ በፊት ለለቀቁት ሥራ። ስለዚህ አትደብቁ። ባለሱቁ፣ የግቢው ጥበቃ፣ የታክሲ ተራ አስከባሪው፣ የዕድሩ ሰዎች ይወቁ። በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰው ላይ ያለ ሕመም ነው፣ የእናንተ ቤት ጉድ አይደለም። ስልክ ቁጥራችሁን ነጠላው ጠርዝ ወይም ኮቱ ውስጥ ስፉት፣ በሩ ላይ ቃጭል ስቀሉ፣ የቅርብ ጊዜ ፎቶ ስልካችሁ ላይ ይኑር። ብቻቸውን ቤት ውስጥ ቆልፎ መሄድ ግን በፍጹም። እሳት ቢነሳስ? መሄድ ከፈለጉ አብራችሁ ውጡ፣ «እኔም ልሳለም ነበር» በሉና መንገዱን እሳቸው ይምሩ፣ ሲሳሳቱ ብቻ ቀስ ብላችሁ አዙሩ።

ገንዘብን በተመለከተ አትዘግዩ። ውክልና የሚሰጠው ሰውየው የሚያደርገውን እያወቀ ነው። ጡረታ ለመቀበል፣ ባንክ ለማንቀሳቀስ፣ የቤት ጉዳይ ለመጨረስ ገና በሕመሙ መጀመሪያ ላይ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ አብራችሁ ሂዱ፣ ወንድምና እህት ሁሉ እያወቀ። ካለፈ በኋላ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው፣ ረጅም ነው። የቴሌብር ምስጢር ቁጥሩንም ስልክ አንስቶ «ከባንክ ነው» ለሚል ሰው ሳይሰጡት በፊት አንድ የታመነ ሰው ይያዘው።

እናንተስ?

አንዷ ሴት ልጅ ሁሉን ተሸክማ ሌሎቹ ብር የሚልኩበት ቤት ሞልቷል። ብሩ ጥሩ ነው፣ እንቅልፍ ግን አይገዛም። ወንድሞቻችሁን ቀን ጠይቋቸው። እዚህ ያለው እሑድን ይውሰድ፣ ውጭ ያለው ለበዓል ሲመጣ ሳምንቱን ይረከብ፣ ሠራተኛዋም የዕረፍት ቀኗ አይነካ።

ለሚረከበው ሰው አንድ ወረቀት ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉ። መድኃኒቱ በስንት ሰዓት፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ፣ ምን ስትባል እንደምትስቅ፣ ምን ስትባል እንደምትቆጣ፣ ቦርሳዋን የት እንደምትደብቅ፣ የሐኪሟ ስልክ፣ የጎረቤት ስልክ። እኛ ቤት ከሁሉ በላይ በትልቁ የተጻፈው «አልጋዋን ራሷ ታንጥፍ» የሚለው ነው።